«ቅድመ ካንሰር» ስንተኛ ደረጃ ነው? ከድሬዳዋ ለተላከ ጥያቄ የፓቶሎጂ ሐኪም ምላሽ

ጥያቄ፦ «ዶክተር፣ ታላቅ እህቴ 41 ዓመቷ ነው፤ የሦስት ልጆች እናት ናት። ባለፈው ወር ጤና ጣቢያ ሄዳ የማህፀን ጫፍ ምርመራ አደረገች። በአቼቶ ታይቶ ‹ቅድመ ካንሰር ነው› ተባለችና በዚያው ቀን በቅዝቃዜ አከሟት። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የላትም። ጎረቤቶቿ ቡና ላይ ‹አቦ፣ ካንሰር እኮ ከነካኩት ይበተናል፤ ዝም ብትይው ይሻልሽ ነበር› አሏት። አንዷ ደግሞ ‹ቅድመ ማለት አንደኛ ደረጃ ነው› ብላ አስረዳቻት። እህቴ ካንሰር አለባት ወይስ የለባትም? ጤነኛ የነበረ ሴልስ እንዴት ነው ደረጃ በደረጃ ካንሰር የሚሆነው? ሲጋራ አታጨስ፣ ንጽሕናዋን የምትጠብቅ ሴት ናት፤ ለምን በእሷ ደረሰ?»

ምላሽ፦

እህቴ፣ ድሬ ተወልጄ ስላደግኩ «እርስዎ» ማለት አይሆንልኝም፤ አንቺ እያልኩ ልጻፍልሽ። ሥራዬ ፓቶሎጂ ነው። ሐረር ተቀምጬ ከሰው አካል የተወሰደ ቁራጭ ሥጋ በማይክሮስኮፕ እያየሁ «ካንሰር ነው» ወይም «አይደለም» ብዬ የምጽፍ ሰው ነኝ። ስለዚህ መጀመሪያ እህትሽ የምትጠብቀውን ልናገር፦ በአቼቶ ታይቶ በዚያው ቀን በቅዝቃዜ የታከመው ነገር ካንሰር ነው ተብሎ የታከመ አይደለም። ካንሰር የሚያስጠረጥር ነገር ታይቶ ቢሆን ኖሮ የቅዝቃዜ ሕክምና አይሰጣትም ነበር፤ ናሙና እንዲወሰድላት ወደ ሆስፒታል ትላክ ነበር። ደንቡ እንዲህ ነው። ይህን ዛሬ ማታውኑ ንገሪያት። የቀረውን ረጋ ብላችሁ አንብቡት።

ይህን ሁሉ ጭንቀት ያመጣው አንድ ቃል ነው ብዬ አምናለሁ፤ «ደረጃ» የሚለው ቃላችን። ሦስት የተለያዩ ነገሮችን በዚሁ በአንድ ቃል እንጠራለን። አንደኛው፣ ሴል ካንሰር ከመሆኑ በፊት የሚያልፍበት መንገድ ነው፤ የማህፀን ጫፍ ላይ ሲሆን ወረቀቱ ላይ ሲአይኤን 1፣ 2፣ 3 ተብሎ ይጻፋል። ሁለተኛው፣ ካንሰር ከሆነ በኋላ ሴሎቹ መልካቸው ከጤነኛው ምን ያህል እንደራቀ እኔና መሰሎቼ የምንሰጠው ቁጥር ነው። ሦስተኛው ሰው ሁሉ የሚያውቀው፣ ካንሰሩ በአካል ውስጥ የት ድረስ እንደዘለቀ የሚለካው፣ ከአንድ እስከ አራት ያለው ነው። አንዲት ሴት አስታውሳለሁ፤ ሲአይኤን 3 የሚል ወረቀት ይዛ መጣች። አንድ ሰው «ሦስተኛ ደረጃ ካንሰር» ብሎ ተርጉሞላት ልጆቿን ለእናቷ አደራ ብላ፣ የቤቱን ቁልፍ አስረክባ ነበር የተነሳችው። ካንሰር አልነበረባትም። ሲአይኤን 3 ከአንደኛ ደረጃ ካንሰርም በፊት ያለ ነገር ነው። ከአንድ እስከ አራት ያለው ቆጠራ የሚጀምረው ካንሰር ከተፈጠረ በኋላ ብቻ ነው። የእህትሽ ጎረቤት «ቅድመ ማለት አንደኛ ነው» ስትል የሁለቱን ቆጠራዎች ቁጥር አደባልቃ ነው።

ታዲያ ድንበሩ የት ላይ ነው? የማህፀን ጫፍን የሚሸፍነው ገጽ አንድ ላይ የተደራረቡ የሴል ረድፎች ነው። ከሁሉም ሥር ያለው ረድፍ ብቻ ይከፈላል፤ የሚወለዱት ሴሎች እየተገፉ ወደ ላይ ይወጣሉ፣ ሲወጡ ይነጣጠፋሉ፣ ላይ ደርሰው ይረግፋሉ። ሽፋኑ እንዲህ እየረገፈ እየታደሰ ይኖራል። ከታችኛው ረድፍ ሥር ደግሞ በጣም ቀጭን የሆነ ጠንካራ ወለል አለ። ተማሪዎቼን ሳስተምር ጀጎልን አስባለሁ። አሚር ኑር በ16ኛው ክፍለ ዘመን ያሠሩት ግንብ አምስት በሮች ነበሩት፤ ሰውም ንግድም በእነሱ ይገባና ይወጣ ነበር። ይኼኛው ግንብ ግን በር የለውም። ደም ሥሮችና የሊምፍ ቱቦዎች ያሉት ከግንቡ ውጭ ነው፤ ከውስጥ ያሉት ሴሎች የሚመገቡት በግንቡ በኩል የሚሰርገውን ነው። በመሆኑም ከግንቡ ውስጥ ያለ ሴል የቱንም ያህል ቢከፋ ወደ ጉበት ወይም ወደ ሳንባ የሚወስደው መንገድ የለም። ቅድመ ካንሰር የምንለው ከግንቡ ውስጥ ያለውን ሁሉ ነው፤ የሽፋኑ ሙሉ ውፍረት ተበላሽቶም ቢሆን። ካንሰር የምንለው ግንቡ በአንድ ቦታ እንኳ ከተበሳ ነው። ማይክሮስኮፕ ላይ አጎንብሼ ረጅሙን ሰዓት የማጠፋው ያንን ቀዳዳ በመፈለግ ነው።

አሁን ወደ ሴሉ ውስጥ እንግባ። ከሐረር ወደ ድሬ የወረደ ሰው ደንገጎን ያውቃል፤ ያንን ጠመዝማዛ ቁልቁለት የሚወርድ መኪና ሕይወቱ ያለው በፍሬኑ ላይ ነው። እያንዳንዱ ሴላችንም ነዳጅ መርገጫና ፍሬን አለው። «ተከፈል» የሚሉ ዘረመሎች አሉ፤ «ቁም» የሚሉም አሉ። የእያንዳንዱን ዘረመል አንድ ቅጂ ከአባት፣ አንድ ቅጂ ከእናት እንወርሳለን። ነዳጅ መርገጫው ከተረገጠበት አልነሳ እንዲል ከሁለቱ ቅጂዎች የአንዱ መበላሸት ይበቃል። ፍሬኑ ግን የእግርና የእጅ ፍሬን እንዳለው መኪና ነው፤ መቆም የሚያቅተው ሁለቱም ሲበጠሱ ነው። ይህን በ1971 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር አልፍሬድ ክኑድሰን የሚባሉ አሜሪካዊ ሐኪም ያሳዩት ሕፃናት ላይ በሚወጣ የዓይን ካንሰር ነው። አንዱ ቅጂ ተበላሽቶ የተወለደ ሕፃን ሁለተኛው ብቻ ስለሚቀረው በሽታው ቶሎ ይመጣበታል፣ ብዙ ጊዜም በሁለቱም ዓይኖቹ። ሁለቱም ቅጂዎች ደህና ሆነው የተወለደ ልጅ ላይ ግን እምብዛም አይታይም፤ ቢታይም ዘግይቶና በአንድ ዓይን ነው። ያ ፍሬን ዛሬ አርቢ ይባላል። ስሙን ያዢው፤ የእህትሽ ታሪክ ውስጥ ይመለሳል።

ሁለተኛው ታላቅ ፍሬን ፒ53 ይባላል። ሥራው ጥበቃ ነው። ሴል ሲከፈል ዘረመሎቹ የተጻፉበት ዲኤንኤ ላይ ያሉትን በቢሊዮን የሚቆጠሩ ፊደላት መገልበጥ አለበት፤ የሚገለብጥ ሁሉ ይሳሳታል። ፒ53 ስህተቱን ሲያይ ሴሉን ያስቆመዋል፤ የሚጠገን ከሆነ ያስጠግነዋል፣ ካልሆነ እንዲሞት ያዘዋል። ከሰው ካንሰሮች ግማሽ ያህሉ ውስጥ ይኸው ዘረመል ተበላሽቶ ይገኛል። ጠባቂውን ሳያስወግድ ሩቅ የሚሄድ ካንሰር ጥቂት መሆኑን ከዚህ እንረዳለን።

የማህፀን ጫፍን ነገር ልዩ የሚያደርገው ፍሬኖቹን የሚፈታ አንድ የታወቀ እጅ መኖሩ ነው፤ ኤችፒቪ የሚባለው ቫይረስ። ጀርመናዊው ሳይንቲስት ሃራልድ ሱር ሃውዘን በ1983 እና በ1984 (ይህም በፈረንጆች አቆጣጠር ነው) ቁጥር 16 እና ቁጥር 18 የሆኑትን ዓይነቶች ከማህፀን ጫፍ ካንሰር ውስጥ አገኟቸው፤ በ2008 የኖቤል ሽልማት የተሰጣቸውም ለዚሁ ሥራ ነው። ከ200 በላይ የኤችፒቪ ዓይነቶች አሉ፤ ለካንሰር የሚያሰጉት 14 ያህል ናቸው፤ ከማህፀን ጫፍ ካንሰር ሰባ በመቶ የሚሆነውን የሚያመጡት ግን እነዚህ ሁለቱ ብቻ ናቸው። ቫይረሱ በጥቃቅን ጭረት በኩል እስከ ታችኛው ረድፍ ይገባል። ራሱን ማባዛት የሚችለው በመከፈል ላይ ባለ ሴል ዕቃ ተጠቅሞ ነውና ወደ ላይ ወጥቶ ሊረግፍ የተዘጋጀውን ሴል አስገድዶ ሥራ ላይ ያቆየዋል። ይህን የሚያደርግባቸው ሁለት ፕሮቲኖች አሉት። ኢ7 የሚባለው አርቢን ይይዘዋል፤ ክኑድሰን በሕፃናቱ ዓይን ውስጥ ያገኙትን ያንኑ ፍሬን ማለት ነው። ኢ6 የሚባለው ደግሞ ፒ53ን አስበልቶ ያጠፋዋል። የሕፃኑ ዓይን ላይ ዘረመሉ ራሱ ተበጥሶ ነው፤ እዚህ ግን ዘረመሎቹ ደህና ናቸው፣ ቫይረሱ ፍሬኑን በእጁ ይዞ ነው።

ይህ ልዩነት የተስፋው ሁሉ ምንጭ ነው። እጁ ከተነሳ ፍሬኑ ይመለሳላ! በእርግጥም አብዛኛውን ጊዜ ይነሳል። ቫይረሱ ከያዛቸው አሥር ሴቶች ዘጠኙን ያህል የሰውነታቸው መከላከያ በሁለት ዓመት ገደማ ውስጥ ያጸዳላቸዋል፤ መያዛቸውንም ሳያውቁ። ሲአይኤን 1 የምንለውም ሥር ያለው የሽፋኑ አንድ ሦስተኛ ሲታወክ ነው፤ የቫይረሱ ጉብኝት ምልክት ነው ማለት ይቻላል፤ አብዛኛው በራሱ ይመለሳል። ሁለት ሦስተኛው ሲታወክ ሲአይኤን 2፣ ሙሉው ውፍረት ሲታወክ ሲአይኤን 3 ይሆናል። በማይክሮስኮፑ መስታወት ላይ ሳየው ሥርዓቱ የጠፋበት ገጽ ነው፦ ከላይ መነጣጠፍ የነበረባቸው ሴሎች እንደ ታችኞቹ ክብ ሆነው፣ በሴሉ መሃል ዲኤንኤውን የያዘው እንብርታቸው አብጦና ጠቁሮ፣ መከፈል የማይገባቸው ቦታ ላይ ሲከፈሉ ይታያሉ። ከሥር ያለው ግንብ ግን ቀጥ ብሎ እንደ ክር ይታየኛል። ያንን ክር ሳይቋረጥ ዳር እስከ ዳር ባየሁ ቁጥር ደስ ይለኛል፤ ይህን ያህል ዓመት ሠርቼም ደስታው አልቀነሰም።

ሲአይኤን 3 ሳይታከም ቢቀርስ? መልሱ የተገኘው መሆን ባልነበረበት መንገድ ነው። ኒውዚላንድ ውስጥ ሕክምና ሳይሰጣቸው ክትትል ብቻ ሲደረግላቸው የቆዩ ሴቶች ነበሩ፤ ፈቃዳቸውም በቅጡ አልተጠየቀም። ታሪካቸው በኋላ ሲመረመር በ30 ዓመት ውስጥ ከመቶው ሠላሳ አንዱ ያህል ወደ ካንሰር አልፈው ተገኙ። በአግባቡ ከታከሙት መካከል ያለፉት ከመቶ አንድ እንኳ አይሞሉም። እነዚያ ሴቶች የከፈሉት ዋጋ እንዳለ ሳስብ ቁጥሩን በቀላሉ አልጠራውም። ግን ሁለቱንም ጎን ተመልከቺ፤ የመጨረሻው ቅድመ ካንሰር እንኳ ሳይታከም ሁሉም ካንሰር አይሆንም፤ ማን እንደሚሆን ማን እንደማይሆን ደግሞ መስታወቱ አይነግረኝም። ስለዚህ ሁሉንም እናክማለን።

ወደ ካንሰር የሚያልፉት እንዴት ያልፋሉ? እዚህ ላይ ነው የአንቺ ጥያቄ «ደረጃ በደረጃ» ያለው ነገር እውነተኛ ትርጉሙን የሚያገኘው። ለዓመታት ያልተነሳ ቫይረስ አንድ ቀን የራሱ ዲኤንኤ ተቆርጦ ከሴሉ ዲኤንኤ ጋር ይሰፋል። ሲሰፋ ኢ6ን እና ኢ7ን ልክ የሚያስይዘው ክፍሉ ብዙውን ጊዜ ይበጠሳልና ሁለቱ ያለ ገደብ ይመረታሉ። ይህ ለቫይረሱ ራሱ ሞት ነው፤ ከዚያ በኋላ ተባዝቶ ወደ ሌላ ሰው መሻገር አይችልም። ካንሰር ለቫይረሱ ዓላማው አይደለም፤ የሁለቱም መጥፊያ የሆነ አደጋ ነው። ጠባቂ የሌለው ሴል አሁን በተከፈለ ቁጥር ስህተቱን ይዞ ያልፋል። ዲኤንኤው የተጠቀለለባቸው ክሮሞሶሞች ይሰበራሉ፣ ይጎድላሉ፣ ይበዛሉ። አብዛኛው ስህተት የሚገድለው ሴሉን ራሱን ነው። ከብዙ ሺህ አንዱ ግን ትንሽ ጥቅም ይሰጠዋል፤ ከጎረቤቱ ፈጥኖ ይከፈላል ወይም ሞትን ይቋቋማል። የእሱ ልጆች ቦታውን ይሞላሉ። ከእነሱ መካከል ሌላ አንድ ደግሞ ሌላ ጥቅም ያገኛል፣ የእሱ ልጆች በተራቸው ይሞላሉ። ዳጉሳ ውስጥ እንደሚበቅል አረም አስቢው፤ ገበሬው ለይቶ ያላስወገደውና እህሉን የሚመስለው እየተመረጠ ይበዛል። ማንም አቅዶ ያደረገው የለም።

ለዚህ ነው ካንሰር በአመዛኙ የዕድሜ በሽታ የሆነው። አርሚቴጅና ዶል የተባሉ የእንግሊዝ ተመራማሪዎች በ1954 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር የካንሰር ሞት ከዕድሜ ጋር እንዴት እንደሚጨምር አስልተው፣ አንድ ሴል እስኪከፋ ስድስት ወይም ሰባት ለውጦች በተከታታይ ሊያስፈልጉት እንደሚችሉ ገመቱ። ዲኤንኤን ፊደል በፊደል ማንበብ ከመቻሉ በፊት በእርሳስና በወረቀት የደረሱበት ነገር መሆኑ ዛሬም ያስገርመኛል። ቁጥሩ እንደ ካንሰሩ ዓይነት ይለያያል፤ ሐሳቡ ግን ጸንቷል።

ሴሉ ገና ሌሎች እንቅፋቶችም አሉበት። ጤነኛ ሴል ከሃምሳ ጊዜ ገደማ በላይ አይከፈልም፤ የክሮሞሶሞቹ ጫፍ በየክፍያው እያጠረ ያልቃልና። ካንሰር የሚሆነው ሴል ጫፉን የሚቀጥልለትን ቴሎሜሬዝ የተባለ ኢንዛይም፣ በአዋቂ ሰው አብዛኛው ሴል ውስጥ ተዘግቶ የሚቀመጠውን፣ መልሶ ይከፍታል። ከዚያ ግንቡን የሚያሟሙ ኢንዛይሞችን ያወጣል፤ ግንቡ የተበሳው ያኔ ነው። ዘልቆ የገባው ከሦስት ሚሊ ሜትር ካላለፈ ገና የአንደኛው ደረጃ መጀመሪያ ላይ ነን፤ ብዙ ጊዜም በትንሽ ቀዶ ሕክምና የሚድን ነው። ከዚያ በኋላ ደግሞ ረሃብ አለ። አንድ ወይም ሁለት ሚሊ ሜትር ላይ የደረሰ ዕጢ ደም ሥር ካልደረሰው መሃሉ ይሞታል፤ ስለዚህ አዳዲስ ደም ሥሮችን ወደ ራሱ ይጠራል። የሚመገብበት መንገድ የሚሰደድበትም መንገድ ይሆናል። ወደ ደም የሚገቡት ሴሎች አብዛኞቹ እዚያው ይሞታሉ፤ ጥቂቶች ሩቅ ቦታ ላይ ይሰፍራሉ። ሁለተኛው፣ ሦስተኛውና አራተኛው ደረጃ የሚለኩት ይህን ጉዞ ነው።

ይህ ሁሉ የሚፈጀውን ጊዜ አስቢ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው መከላከያዋ ደህና በሆነ ሴት ላይ ከ15 እስከ 20 ዓመት፤ ኤችአይቪ ይዟት ሕክምና ባልጀመረች ሴት ላይ ከ5 እስከ 10 ዓመት። «ካንሰር ድንገት መጣብኝ» የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ ውሸት አይደለም፤ ለእሱ ድንገት ነው። አንድ ሴንቲ ሜትር የሚሆን ዕጢ ወደ አንድ ቢሊዮን የሚጠጉ ሴሎች አሉት። ከአንድ ሴል ተነስቶ እዚያ ለመድረስ ሠላሳ ጊዜ ያህል እጥፍ መሆን አለበት። አሥር ጊዜ ብቻ ቢጨምር አንድ ኪሎ ይመዝናል። እጅ የሚዳስሰው ዕጢ የዕድሜውን አብዛኛውን ክፍል ማንም ሳያየው ኖሯል ማለት ነው። የማህፀን ጫፍን የተለየ ዕድለኛ ያደረገው ያንን የተሰወረ ዕድሜ በዓይን ማየት መቻላችን ነው። ጉበትን ተመልከቺ፤ እርጥበት ነክቶት ሻጋታ የያዘ ኦቾሎኒ ላይ የሚፈጠረው አፍላቶክሲን የተባለው መርዝ ያንኑ ፒ53 ይመታል፤ ሄፓታይተስ ቢ ያለበት ሰው ላይ ደግሞ አደጋው ይበረታል። መንገዱ ይመሳሰላል፣ ግን በአቼቶ የሚታይ ምንም ነገር የለም። ኦቾሎኒ የሚበቅልባት ባቢሌ ዘመድ ያላችሁ ሁሉ፣ የሻገተውን ለቅማችሁ ጣሉ፤ ለከብትም አትስጡ።

አቼቶው ምን እንደሚያሳይ ላስረዳ፣ ምክንያቱም እህትሽ ነጭ ሆኖ መታየቱ ራሱ አስደንግጧት ይሆናል። ከ3 እስከ 5 በመቶ የሆነ አሴቲክ አሲድ ሲቀባ፣ ትልልቅ እንብርት ያላቸው ሴሎች የበዙበት ቦታ ፕሮቲኑ ለጊዜው ይረጋና ነጭ ይመስላል። እንቁላል ሲበስል ነጩ እንደሚረጋው ነው፤ ልዩነቱ ይህኛው ተመልሶ ይጠፋል። ቅድመ ካንሰር ነጭ ይሆናል። ቁስለትና ገና በመታደስ ላይ ያለ ጤነኛ ሽፋንም አንዳንዴ ነጭ ይሆናል። ስለዚህ እህትሽ ላይ የታየው ሲአይኤን ላይሆንም ይችላል። «ታዲያ ለምን በዚያው ቀን አከሟት?» ካልሽ፣ ናሙና ወስዶ ሐረር ልኮ፣ ውጤት ጠብቆ፣ ሴትዮዋን እንደገና ጠርቶ ማከም በሚለው መንገድ ላይ ስንቶቹ እንደሚጠፉ ሥራው ላይ ያለን ሁሉ እናውቃለን። ልጅ ታሞ፣ መጓጓዣ አጥታ፣ ባል ከልክሎ ትቀራለች። ሕክምናው ቀላል ነው፣ ጉዳቱ ትንሽ ነው፤ ባይኖርባትም ከምትጠፋ ብትታከም ይሻላል ተብሎ ታስቦበት የተሠራ አሠራር ነው። እኔ ሥራዬ ናሙና ማየት ቢሆንም ይህን እደግፋለሁ።

አሁን ወደ ጎረቤቶቹ። «ከነካኩት ይበተናል» የሚለውን አልንቀውም፤ ሰው ያየውን ነው የሚናገረው። አክስቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ጡቷ ላይ ሽንብራ የምታህል ነገር አገኘች። ብረት እንዳይነካሽ ተባለች። ሁለት ዓመት ያህል ሸፍና ኖረች። ሐኪም ጋ ስትደርስ ብብቷም አጥንቷም ተይዞ ነበር፤ ቀዶ ሕክምናው በተደረገላት በወራት ውስጥ አረፈች። ለቅሶው ላይ የተባለው «ቢላው በተነው» ነበር። ያኔ የሕክምና ተማሪ ነበርኩ፤ ድንኳኑ ውስጥ ተቀምጬ ምንም አልተናገርኩም፣ ዛሬም ይቆጨኛል። የበተነው ሁለቱ ዓመት ነው። ቢላው የመጣው ነገሩ ካለቀ በኋላ ነው፤ ሰው ግን መጨረሻ ላይ ያየውን ነው የሚያስታውሰው። በእርግጥ እኛም መርፌ በቀጥታ የማናስገባባቸው ጥቂት ዕጢዎች አሉ፤ የወንድ ዘር ፍሬ ላይ የሚወጣው አንዱ ነው። የማህፀን ጫፍ ከእነዚያ ውስጥ አይደለም።

እህትሽ ላይ የተደረገው ደግሞ መቁረጥ እንኳ አይደለም። ጋዝ ያቀዘቀዘው የብረት ጫፍ ሦስት ደቂቃ ይያዛል፣ አምስት ደቂቃ ይለቀቃል፣ እንደገና ሦስት ደቂቃ ይያዛል። ሴሎቹ ውስጥ ያለው ውኃ በረዶ ሆኖ ይሰነጥቃቸዋል። በረዶው ወደ አምስት ሚሊ ሜትር ይጠልቃል፤ የተበላሹት ሴሎች ተደብቀው የሚገኙበትን ጥልቀት ይሸፍናል። በዚያ ላይ አስቀድሜ እንዳልኩት ግንቡ ውስጥ ነበሩ። የሞተ ሴል የትም አይሄድም።

«ለምን በእሷ ደረሰ?» ላልሽው፣ ከንጽሕና ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም። ኤችፒቪ በግብረ ሥጋ ንክኪ የሚተላለፍ እጅግ የተለመደ ቫይረስ ነው፤ ግብረ ሥጋ የጀመረ ሰው አብዛኛው በሕይወቱ አንድ ጊዜ ይይዘዋል። እዚህ ላይ በጣም ጠንቅቄ ልናገር፣ በዚህ ምክንያት የፈረሱ ቤቶችን አይቻለሁና። ቫይረሱ ዓመታት ድምፁን አጥፍቶ ሊቆይ ይችላል። ዛሬ የታየው ነገር ከአሥር ወይም ከአሥራ አምስት ዓመት በፊት የገባ ሊሆን ይችላል። ማን ከማን እንዳመጣው፣ ማን እንደማገጠ የሚናገር ምርመራ የለም። እህትሽም ባሏም በዚህ ነገር አንዳቸው ሌላውን መክሰስ የለባቸውም። ከአሥሩ አንዷ ላይ ለምን አልነሳ እንደሚል ግን የምናውቃቸው ምክንያቶች አሉ፦ የቫይረሱ ዓይነት፣ ሲጋራ፣ የሰውነት መከላከያ መዳከም። ኤችአይቪ ያለባት ሴት በዚህ ካንሰር የመያዝ ዕድሏ ስድስት እጥፍ ነው። እህትሽ ኤችአይቪ ይኑርባት አይኑርባት የማታውቅ ከሆነ ትመርመር። ቢገኝ መድኃኒቱ አለ፤ የክትትሉ ጊዜም ይስተካከልላታል።

እህትሽ አሁን ከምታየው ነገር አትደንግጥ። ከቅዝቃዜ ሕክምና በኋላ ለአራት ሳምንት ያህል ውኃ የሚመስል ብዙ ፈሳሽ ይወጣል፤ የሞተው ሽፋን ሲረግፍ ነው። እስከዚያው ግብረ ሥጋ ብትተው ይመረጣል፤ የማይቻል ከሆነ በኮንዶም ይሁን። ትኩሳት ከመጣ፣ ፈሳሹ መጥፎ ሽታ ካለው፣ ሆዷን ክፉኛ ካመማት ወይም ከወር አበባ የበዛ ደም ካየች ቀጠሮ አትጠብቅ፤ ወደታከመችበት ትመለስ፣ ሌሊት ከሆነ ደግሞ ድል ጮራ ሆስፒታል አለላችሁ።

ከሦስቱ ልጆቿ ሴት ልጅ ካለች፣ ክትባቱ ትዝ ይበላችሁ። አገራችን የኤችፒቪ ክትባትን በ2011 ዓ.ም. ለ14 ዓመት ልጃገረዶች መስጠት ጀምራለች። ክትባቱ ውስጥ ያለው የቫይረሱ ባዶ ቅርፊት ብቻ ነው፤ ዲኤንኤ የለውም፣ ኢ6ም ኢ7ም የለውም፤ ስለዚህ ሊያሳምም አይችልም። መካንነት ያመጣል የሚለው ወሬ ሐሰት ነው። የሚጠቅመው ቫይረሱ ከመግባቱ በፊት ስለሆነ ነው ገና በልጅነት የሚሰጠው።

የቀረው አንድ ቀጠሮ ነው። ከታከመችበት ቀን ጀምሮ ዓመት ሲሞላት እንደገና መታየት አለባት፤ ጤና ተሰምቷት፣ ምንም ሳያማት ቢሆንም። ሕክምናው ከመቶ ጥቂቶቹን ይስታቸዋልና። ያኔ ነጭ ነገር ደግሞ ከታየ «አሁንስ ካንሰር ሆነ» ማለት አይደለም፤ ድጋሚ ይታከማል ወይም ናሙና ተወስዶ ወደ እኛ ይላካል። እሷ ልትረሳው ትችላለች፤ በዓመት ውስጥ ብዙ ነገር ይመጣል። አንቺ ግን ጥያቄውን ስለጻፍሽ አትረሺውም ብዬ አስባለሁ። የታከመችበትን ካርድ ፎቶ አንሺና ስልክሽ ላይ አስቀምጪው፤ ቀኑንም ከአሁኑ ምልክት አድርጊበት፣ ስትሄድም አብረሻት ሂጂ።